መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ፖርሽን የሸፈንኩበት ዓመት

አንድ ገጽ ሙሉ አንብባችሁ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ደርሳችሁ፣ "ምን ነበር ያነበብኩት?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ዓይናችሁ አንድም ፊደል ሳይዘል ሄዷል፤ ከንፈራችሁም ተንቀሳቅሷል፤ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ግን የቀረ ነገር የለም። ብዙ ሰው አዎ እንደሚለኝ እገምታለሁ። እንግዲያው ጥያቄውን ላክብደው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ተነሥታችሁ እስከ እኩሌታው እንዲሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንብቤያለሁ። ያውም በየምዕራፉ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ራይት እያደረግሁ፣ ቀን እየጻፍኩ፣ እየፈረምኩ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። አስተማሪ ነኝና ያለ ቅደም ተከተል መናገር አይሆንልኝም።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ዕጣ የጣለኝ ጋምቤላ ነው። ክልሉ ገና በእግሩ ለመቆም የሚውተረተርበት ጊዜ ነበር። ሰው "ክልል አሥራ ሁለት" እያለ ይጠራዋል፤ የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለሙ ገና አዲስ ነው፤ ትምህርት ቢሮ ስትሄዱ ሦስት ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጦ ታገኛላችሁ። ወንበርና ጠመኔ ያጥር ነበር እንጂ ዕቅድ አያጥርም። የዓመት ዕቅድ፣ የወሰነ ትምህርት ዕቅድ፣ የሳምንት ዕቅድ፣ የዕለት ዕቅድ ይጠየቃል። ሌሎቹ አስተማሪዎች ሲያማርሩ እኔ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ ሳይ ዓለም የተስተካከለ ይመስለኛል።

ከጎጃም ስነሣ እናቴ ጥቁር ሽፋን ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም።

"ዕድሜዬን ሙሉ ቅዳሴ ቆሜ ሰምቻለሁ" አለችኝ። "ግዕዝ ነው። ቄሱ ያውቁታል፤ እኔ የማውቀው እግሬን ሲያመኝ ነው። አንተን ፊደል ያስቆጠርኩህ ለዚህ ነው። ሁሉንም አንብበህ ክረምት ስትመጣ ትነግረኛለህ።"

"ሁሉንም?"

"ግማሹን ለማን ልትተወው?"

ይኸው ነው። ልብስ ላክልኝ አላለችም፤ ቶሎ ሚስት አግባ አላለችም። በሕይወቷ ከእኔ የጠየቀችው ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ እኔም እሺ አልኩ። እሺ ስል ቀላል መስሎኝ ነበር። ጋምቤላ በገባሁ በሳምንቱ የመጽሐፉን ምዕራፎች በሙሉ ቆጠርኩ፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ላሉት ቀናት አካፈልኩ፤ ለቀን ከአራት በላይ ደረሰ። ትልቅ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩና ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ዓምዶቹ አራት ናቸው፤ ቀን፣ ዕቅድ፣ ክንውን፣ ያልተከናወነበት ምክንያት።

ቤት የምንጋራው ከእኔ በፊት ጋምቤላ የመጣ ድሬሰር ነበር። የጎንደር ልጅ ነው፤ ቀን ቁስል ሲያጥብ ውሎ ማታ እኔ ላይ ሲቀልድ ያመሻል። ሠንጠረዡን ቆሞ ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

"ይህን ለማን ነው የምታቀርበው?" አለኝ።

"ለማንም። ለራሴ ነው።"

"ለራስህ ሪፖርት ታደርጋለህ?"

"ሥርዓት ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው።"

"እግዚአብሔር የክልል ቢሮ መሰለህ" አለና ሊተኛ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት "ያልተከናወነበት ምክንያት" በሚለው ዓምድ ውስጥ በእርሳስ "ስንፍና" ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። አጠፋሁት። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አጥፍቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ፖርሽን የሚለውን ነገር ለማያውቅ ሰው ላብራራ። አስተማሪ ዘንድ ፖርሽን ማለት ዓመቱ ሳያልቅ ማለቅ ያለበት የመማሪያ መጽሐፍ ክፍል ነው። ፖርሽን ይሸፈናል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ "ተማሪው ገብቶታል ወይ?" አይልም፤ "የት ደረስክ?" ነው የሚለው። እናንተም ገጹን ትነግሩታላችሁ፤ እሱም ይጽፈዋል፤ ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል። ልጆቹ ምን እንደያዙ የሚታወቀው በፈተና ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የልጆቹ ይሆናል። በዚህ አሠራር ላይ ስብሰባ በተባለ ቁጥር እጄን አውጥቼ እናገር ነበር። ይህን እየተናገርኩ እኔው ራሴ መጽሐፍ ቅዱስን በፖርሽን እየሸፈንኩ መሆኔን ማንም አልነገረኝም።

የማነበው ጠዋት ነው። ጋምቤላ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ መጽሐፍ አያስይዝም፤ ገጹ ላይ ላብ ይንጠባጠባል። ስለዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት እደርስና በሩ አጠገብ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጬ እስከ ሰንደቅ ዓላማ መስቀያ ሰዓት ድረስ አነባለሁ። እዚያው በርጩማ ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይቀመጣሉ። አኝዋክ ናቸው፤ ረጅም፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሰው። በር እየጠበቁ የዓሣ መረብ ይቋጥራሉ። አማርኛን በጎልማሳነታቸው ነው የለመዱት፤ ለማንም "አንተ" እንጂ "እርስዎ" አይሉም፤ ለዳይሬክተሩም ቢሆን።

አንድ ጠዋት መጽሐፌን ዘግቼ ስነሣ "ቲቸር" አሉኝ፤ "ዛሬ ምን አለ?"

"ምኑ?"

"መጽሐፉ።"

"አምስት ምዕራፍ አንብቤያለሁ።"

"እሺ። ምን አለ?"

"ስለ ሕግ ነው" አልኩ። "ስለ መሥዋዕት ሕግ።"

"ምን ሕግ?"

"ብዙ ነው ጋሼ። ደወል ሊደወል ነው።"

"ደወሉን የምደውል እኔ ነኝ" አሉኝ መረባቸውን ሳይለቁ። "ገና ነው።"

በማግስቱም ጠየቁኝ። በሦስተኛውም ቀን። ክፋት የለባቸውም፤ ሰው ገበያ ደርሶ ሲመለስ "ምን አለ?" እንደሚባለው ነው የሚጠይቁኝ። ያናደደኝም ይኸው ነው። በክፋት ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ቦታ ለመቀየር ሞከርኩ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። በርጩማቸውን ይዘው መጡ፤ በዚያ በኩል ጥላው ይሻላል አሉኝ። ከዚያ ዘዴ ፈጠርኩ። ከአምስቱ ምዕራፍ መካከል አንድ ዐረፍተ ነገር መርጬ በቃሌ መያዝ ጀመርኩ። ሲጠይቁኝ ያችን ዐረፍተ ነገር ሳልደናቀፍ አልኳት።

"ጥሩ" አሉኝ። "ከዚያስ?"

ከዚያስ የምትለዋን ጥያቄ ያወጣ ሰው አስተማሪ መሆን ነበረበት። በማሠልጠኛው ስለ ፈተና አወጣጥ አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ስማር ከዚህ የከፋ ጥያቄ አላጋጠመኝም።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ራሴን ለመፈተን ወሰንኩ። ራይት ካደረግሁባቸው ምዕራፎች ውስጥ የጥቂቶቹን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፌ፣ ጠቅልዬ ባርኔጣ ውስጥ ጨመርኩ። ድሬሰሩ አሥር አወጣልኝ። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ውስጥ ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳደረገ መጻፍ ነው። አንድ ሰዓት ሰጠሁ። በሃያ ደቂቃ ጨረስኩ፤ የምጽፈው አልነበረኝማ። መጽሐፉን ከፍቼ አረምኩ። ከአሥር ሁለት። ሁለቱም በልጅነቴ የሰማኋቸው ታሪኮች ናቸው፤ ሠንጠረዡ አላስተማረኝም።

"ሁለት ያመጣ ተማሪ ምን ታደርገዋለህ?" አለኝ ድሬሰሩ።

"ወላጅ አምጣ እለዋለሁ።"

"እንግዲያው እናትህን አምጣ።"

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ክረምት ሁለት ወር ከምናምን ቀርቶታል። ዓይኔ ላይ የመጣችው እናቴ ናት፤ ነጠላዋን አደግድጋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ "እሺ፣ ንገረኝ" ስትል። እኔ ደግሞ ምን ልላት ነው? እስከ መዝሙሩ ደርሻለሁ? ይህንማ ቄሱም ይሏታል።

ሰኞ ጠዋት ለዘበኛው እውነቱን ነገርኳቸው፤ የእናቴንም ነገር፣ የፈተናውንም ውጤት። መረባቸውን አስቀምጠው ሰሙኝና "እሑድ ና" አሉኝ። "እኛ ጋ ስንነግረው ስማ።"

ድሬሰሩ ይህን ሲሰማ አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ። "ጴንጤ ልትሆን ነው?"

"ልሰማ ነው የምሄደው።"

"ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። የንስሐ አባትህ ያውቃሉ?"

"ጠዋት አስቀድሳለሁ። ከሰዓት የት እንደዋልኩ ንስሐ ስገባ እነግራቸዋለሁ።"

"እኔም እመሰክርብሃለሁ" አለ።

እሑድ ከሰዓት ፀሐይዋ በረድ ስትል ሄድኩ። ከባሮ ዳር ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ የሚታጠቡትና ልብስ የሚያጥቡት ሰዎች ድምፅ እየተሰማ፣ ጥላው ሰፊ የሆነ ዛፍ ሥር ደርዘን የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። አሠራራቸውን ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነውና። ዘበኛው ባደጉበት መንደር ለብዙ ዓመታት የነበረው መጽሐፍ አንድ ነው፤ ማንበብ የሚችለውም አንድ ሰው ነው፤ እሱም መንደር ለመንደር ይዞራል። አንብቦላቸው ሲሄድ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ የተነበበው በሰዎቹ አፍ መቆየት አለበት። ስለዚህ አሥር መስመር ያህል ሁለት ጊዜ ይነበባል። ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋል። በዕድሜ ከሁሉም የምትበልጠዋ ሴት ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠውና ሁለት እጇን ትጭንበታለች። ከዚያ አንድ ሰው ተነሥቶ ይናገራል። ያልነበረ ነገር ከጨመረ "አልተባለም" ይባላል። የነበረውን ከተወ "ዘለልክ" ይባላል። ሳይጨመርበትና ሳይጎድልበት እስኪነገር ድረስ መጽሐፉ አይከፈትም፤ ወደሚቀጥለውም አይታለፍም። መንደሩ ርቆ እነሱም ከተማ ገብተው፣ ማንበብ የሚችል ሰው በዝቶም ቢሆን፣ ልማዱ አልቀረም።

በዚያ ቀን መጽሐፉን የምትጠብቀው የዘበኛው ባለቤት ነበረች። የእኔንም መጽሐፍ ጨምራ ወሰደችብኝ። የተነበበው በጣሪያ በኩል ስለወረደው ሽባ ሰው የሚናገረው ታሪክ ነው፤ መጀመሪያ በአኝዋክኛ፣ ቀጥሎ ለእኔ ሲባል በአማርኛ። ሲነገርም አማርኛ የሚችሉት በአማርኛ እንዲናገሩ ተስማሙ፤ ዘበኛውም ለቀሩት ይተረጉማሉ። ማን ይናገር ሲባል እጄን አወጣሁ። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሥራዬም መናገር ነው።

"አንድ ሽባ ሰው ነበር" አልኩ። ይህችን አሳለፉልኝ። "ለብዙ ዓመት አልጋው ላይ የማቀቀ..."

"አልተባለም" አለች ባለቤትየዋ።

"ስንት ዓመት እንደሆነ አልተባለም፤ ነገር ግን..."

"አልተባለም።"

"እሺ። አራት ጓደኞቹ ተሸክመው..."

"ጓደኛ አልተባለም" አለ አንድ ዓሣ አጥማጅ። "ሰው ነው የተባለው።"

"ጓደኛው ያልሆነ ሰውማ ጣሪያ ላይ ይዞት አይወጣም" አልኩ።

"ወንድም ቢሆንስ?" አለ። "ጎረቤት ቢሆንስ? እኔ አማቴን ተሸክሜ ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። ጓደኛዬ አይደለም።"

ሁሉም ሳቁ። "እሺ፣ አራት ሰዎች ተሸክመውት መጡ። ሕዝቡን አሳልፉን ብለው ለመኑ፤ ሕዝቡ ግን እምቢ አለ።"

"አልተባለም። ሰው ስለ በዛ መግባት አልቻሉም ነው።"

"ጣሪያውን ነድለው አወረዱት። ያን ጊዜ ሽባው እያለቀሰ፣ ጌታ ሆይ ፈውሰኝ ብሎ ለመነ።"

አሁን የተናገረው አንድ ሰው አይደለም። ሁሉም በአንድ አፍ "አልተባለም" አሉ።

ይህንንስ አልቀበልም አልኩ። ሽባው ለመፈወስ አልለመነም እንዴት ይባላል? ለመለመን አይደል እንዴ የመጣው? መጽሐፌን ስጡኝ፣ ላሳያችሁ አልኩ። ባለቤትየዋ እጇን አላነሣችም። ዘበኛው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። "ቲቸር" አሉ፤ "ፈተና ላይ ደብተር ትፈቅዳለህ?"

ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው ተነሥቶ ተናገረ፤ እኔ የዘለልኳቸውን፣ ተቀምጠው በልባቸው የሚያጉረመርሙትን ጻፎችም አልረሳም። ሲያበቃ መጽሐፉ ተከፈተ። አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ሽባው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አይናገርም። ተሸክመውት ይመጣሉ፤ ያወርዱታል፤ የተሸከሙትን ሰዎች እምነት ጌታ ያያል፤ ተነሥ ይባላል፤ ይነሣል፤ አልጋውን ይዞ ይሄዳል። ለቅሶውንም ልመናውንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ማታ ቤት ስገባ ድሬሰሩን ጠየቅሁት፤ ሽባው ምን ብሎ ነው የለመነው አልኩት። "ማረኝ ብሎ" አለኝ ሳያመነታ። ቢያንስ ብቻዬን አይደለሁም አልኩ።

በሁለተኛው እሑድ ወደ አዲስ ታሪክ የምናልፍ መስሎኝ ነበር። ያው ሽባ ነው። በዚህ ቀን የተያዙት በጣሪያው ነው። ዘበኛው ብዙ ጎጆ የከደኑ ሰው ናቸው፤ ሳር ክዳን ላይ አራት ሰው ከነበሽተኛው ቢወጣ ቤቱ ይደረመሳል ብለው ተከራከሩ። ጊዜዬ ደረሰ አልኩ። በዚያ አገር የቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ እንደሆነ፣ በእንጨትና በጭቃ እንደሚሠራ፣ ከውጭ በኩል ደረጃ እንዳለው በእንጨት አሸዋው ላይ እየሣልኩ አብራራሁ። ልኬቱን ሳይቀር ገመትኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ሥዕሉንም ዞረው አዩት።

"ጥሩ ነው" አለች ባለቤትየዋ። "ደረጃው አልተባለም።"

በሦስተኛው እሑድ ሁለት አዳዲስ ሰዎች ከመንደር መጡ፤ እነሱ ስላልሰሙ ከመጀመሪያው ይጀመር ተባለ። በመመለሻችን ላይ ከዘበኛው ጋር ጎን ለጎን ስንሄድ ትዕግሥቴ አለቀ።

"ጋሼ፣ አስልቼዋለሁ" አልኳቸው። "በዚህ አካሄድ መጽሐፉን ለመጨረስ የሰው ዕድሜ አይበቃም። የእኔም የልጄም ዕድሜ ቢደመር አይበቃም።"

"ጨርሰህ የት ልትሄድ ነው?"

"የትም አልሄድም። እናቴ ሁሉንም አንብብ ብላኛለች።"

"ንገረኝስ አላለችም?"

"ብላለች።"

"ሁለቱን ከቻልክ ጥሩ ነው" አሉ። "እኔ የማውቀው አንዱን ነው።"

ሁለቱንም ልሞክር አልኩ፤ ግትርነት እንጂ ብልሃት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ሠንጠረዡን አሳድዳለሁ፤ እሑድ ደግሞ አሥር መስመር ይዤ እንፏቀቃለሁ። ከዚያ ግንቦት ላይ ወባ ጣለኝ። ከአልጋ ስነሣ የተወዘፈው ምዕራፍ ብዛት ማካካሻ ክፍለ ጊዜ የሚገፋው አልሆነም። ምክንያት በሚለው ዓምድ ላይ "ወባ" ብዬ በጻፍኩ በማግስቱ፣ ከጎኑ የድሬሰሩ እርሳስ "ይህኛው እውነት ነው" ብሎ ጽፎ አገኘሁ። ያን ቀን ወረቀቱን ከግድግዳው አነሣሁት። ቀላል አልነበረም። አንድ ዓምድ ሳይሞላ የተውኩበት ጊዜ አላስታውስም፤ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው፣ ማንም "አልተባለም" ሳይለኝ መናገር የምችላቸውን ታሪኮች ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። ትምህርት ሲዘጋ ስድስት ነበሩ። ዓመት ሙሉ፣ ስድስት።

በድሬሰሩ ላይ ልለማመድ ሞክሬም ነበር፤ አልጠቀመኝም። እሱ ያልተባለውን ሁሉ ይወዳል። "ጨምርበት፣ ጨምርበት፤ ያንተው ይሻላል" ይለኛል።

ከጋምቤላ ጎጃም ለመድረስ ከአንድ መኪና ወርዶ ሌላ እየጠበቁ ብዙ ቀን ይፈጃል። በየመናኸሪያው ለእናቴ የምሰጠውን ምክንያት አዘጋጅ ነበር። ሙቀቱን አነሣለሁ፤ ወባውን አነሣለሁ፤ የሥራ ብዛቱን አነሣለሁ። ቤት በደረስኩ በማግስቱ፣ እናቴ ጓሮ ተቀምጣ ጎመን እየቀነጠሰች ሳለ፣ ጥያቄው መጣ።

"ጨረስከው?"

"አልጨረስኩትም እማዬ።"

"የት ደረስክ?"

ያንን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ሱፐርቫይዘር ለማግኘት ነው። "ስድስት ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ" አልኩ።

"ስድስት" አለች። ጎመኑን መቀንጠስ አላቆመችም። "ቄሱ በአንድ ቅዳሴ ከዚያ ይበልጣል የሚያነቡት። አንተ ልጅ፣ ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ?"

ምክንያቶቼ ሁሉ አፌ ላይ ነበሩ። ተውኳቸውና ስለ ሽባው ነገርኳት። ሳልጨምር፣ ሳልዘል፤ አራቱን ሰዎች፣ የሰዉን ብዛት፣ ጣሪያውን፣ ጻፎቹን፣ አልጋውን ተሸክሞ መሄዱን። እጇ መሀል ላይ ቆመ።

"ሰውየውስ ምን አለ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ሲያወርዱት?"

"ምንም አላለም።"

"ረስተኸው ይሆናል። እንዲህማ ዝም አይልም።"

መጽሐፉን አምጥቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና ቀና ብላ አላየችኝም።

"እኔ እኮ ይህን ነው የምፈራው" አለች። "ሌሎቹ ዳዊት ይደግማሉ፤ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። እኔ የሚባለውን አላውቅም። እገባለሁ፣ ዝም ብዬ እቆማለሁ፣ ዝም ብዬ እወጣለሁ። አንድ ቀን ምን አልሽ ብባል ምን እመልሳለሁ እላለሁ።" ጎመኗን እንደገና አነሣች። "ዝም እንዳለ ነው የተነሣው?"

"ዝም እንዳለ ነው።"

"እስቲ ድገመው።"

ስለ ተሸካሚዎቹ እምነት ሦስት ነጥብ ያለው ማብራሪያ ከጋምቤላ ጀምሬ አዘጋጅቼ መጥቼ ነበር። አልጠየቀችኝም። አለመናገር ምን ያህል እንደከበደኝ የሚያውቅ አስተማሪ ብቻ ነው። ደገምኩት።

እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን እሳት ልትጭር መጣች፤ እናቴ አስቀምጣት ታሪኩን ትነግራት ጀመር። "ሃያ ዓመት የተኛ አንድ ሽባ ነበር" አለች።

"ዓመቱ አልተባለም እማዬ" አልኩ።

"አንተ ዝም በል። ሃያ ዓመት የተኛ፣ አራት ልጆች የነበሩት..."

"ልጆቹ አይደሉም። ሰዎች ነው የተባለው።"

"እናትህን በሰው ፊት!" አለች። ጎረቤታችን ግን ወደ እኔ ዞራ "እና ማን ናቸው?" አለችኝ። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ተሸካሚዎቹ እነማን ሊሆኑ እንደሚችሉ ሲከራከሩ እሳቱ አመድ ሆነ። በማግስቱ ጎረቤታችን እህቷን ይዛ መጣች። እህትየዋ አልሰማችምና ከመጀመሪያው ይጀመር ተባለ። ክረምቱ ሲያልቅ ከስድስቱ ታሪክ አራተኛው ላይ ነበርን። አምስተኛውን ልጀምር ስል እናቴ "ቆይ፣ የሽባውን መጀመሪያ እንዳልሳሳት" ትለኛለች። አሁን ያለ አንድ ስሕተት ትናገረዋለች። ሃያ ዓመቱን ብቻ ማስጣል አልቻልኩም።

ይህን የምጽፈው ሁለተኛ ዓመቴን ጋምቤላ ጀምሬ ነው። እናንተም ሞክሩት ብዬ እለምናችኋለሁ። አሠራሩን ላስረዳ፤ አጭር ነው። አሥር መስመር ብቻ ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ የምታውቁት ታሪክ ቢሆን ይመረጣል፤ የምትሳሳቱት በዚያ ላይ ነውና። መጽሐፉን ዝጉና ለሌላ ሰው አስይዙት፤ ከእናንተ ጋር ከቆየ ትከፍቱታላችሁ። ከዚያ ተናገሩት። አድማጭ ስትመርጡ ጨዋ ሰው አትምረጡ፤ ጨዋ ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ያሳልፋችኋል። "አልተባለም" ለማለት የማያፍር ሰው ፈልጉ። በመጀመሪያው ቀን ትናደዳላችሁ፤ እኔ እስካሁን እናደዳለሁ። ሠንጠረዥ ግን አታስምሩለት። ዛሬ፣ ይህን አንብባችሁ እንዳበቃችሁ፣ አሥሯን መስመር ሞክሯት።